የመጀመሪያውን ሰው ማን ይይዘዋል? ዓለት መውጣት ትምህርት የሆነበት ታሪክ

የደብረ ዳሞን ገዳም ፎቶግራፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ ዓምባ፣ ከአፋፉ ቁልቁል የተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ፣ እግሩን ዓለቱ ላይ እያሳረፈ ገመዱን ተንጠላጥሎ የሚወጣ ሰው። የገደሉ ከፍታ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በሉት። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዓምባው የወጡት በዘንዶ ታግዘው ነው። ከሳቸው ወዲህ የመጣው ግን መነኩሴም ይሁን ጎብኚ መንገዱ ገመድ ነው። (ገዳሙ የወንዶች ብቻ ስለሆነ ሴቶች አይወጡም።)

ፎቶውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ገመዱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛውን ወጪው በእጁ ጨብጦ ይወጣበታል። ሁለተኛው ወገቡ ላይ ይታሰርና ጫፉን ከላይ ያለ መነኩሴ ይይዘዋል። ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር መነኩሴው ገመዱን ይሰበስባል። የወጪው ክንድ ድንገት ቢዝል የሚያተርፈው ይህ ሁለተኛው ገመድ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ገመድ ነው። ከላይ የሚይዝ ሰው ካለ ነገሩ ብዙም አይከብድም። ችግሩ ላይ ገና ማንም ካልደረሰ ነው። ፊት ፊት የሚወጣውን ሰው ማን ይይዘዋል? ለዚህ ጥያቄ አስተማማኝ መልስ እስኪገኝ፣ መልሱም ማንም ጀማሪ ሊማረው የሚችል ትምህርት እስኪሆን ድረስ 150 ዓመት ያህል ፈጅቷል። የሰው ሕይወትም ተከፍሎበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሪውን ተከተል፣ በቃ

ታሪኩ በአንድ ሳይንቲስት ይጀምራል። በ1760 የጄኔቫው ምሁር ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር ከምዕራብ አውሮፓ ተራሮች ሁሉ ትልቁ ወደሆነው ወደ ሞንት ብላንክ ጫፍ የሚያደርስ መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አሳወቀ። ሽልማቱ 26 ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠብቅ ኖረ። ነሐሴ 8 ቀን 1786 የሻሞኒ ሐኪም የነበረው ሚሼል ገብርኤል ፓካርና የተራራ ክሪስታል እየለቀመ የሚተዳደረው ዣክ ባልማ ጫፉ ላይ ደረሱ። በዓመቱ ደግሞ ሶሱር ራሱ 18 የመንደሩን ሰዎች አስከትሎ ወጣ፤ የአየር ግፊት መለኪያውንና ሌሎች መሣሪያዎቹን ይዞ፣ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲለካና ሲመዘግብ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ሻሞኒ ላይ አዲስ ሥራ ተፈጠረ። ሀብታም እንግዳ ይመጣል፤ የመንደሩ ገበሬ፣ አዳኝ ወይም ክሪስታል ለቃሚ ተራራውን ስለሚያውቅ መንገድ ይመራዋል። በ1820 ግን ሩሲያ ይኖር የነበረው ዶክተር ሃሜል የመራው ጉዞ ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሦስት መንገድ መሪዎች ሞቱ። በዓመቱ፣ በ1821፣ የሻሞኒ መንገድ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ሥራውን በተራ ማከፋፈልና አደጋ ለደረሰባቸው አባላትና ቤተሰቦች ገንዘብ ማሰባሰብን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

ታዲያ እንግዳው ምን ይማር ነበር? እውነቱን ለመናገር ብዙም ነገር አይማርም። በረዶው ላይ ደረጃ የሚቆፍርለት መሪው ነው። የትኛው ድንጋይ እንደሚያዝ፣ የትኛው እንደሚነቀል የሚያውቀው መሪው ነው። ሰማዩን አይቶ «እንመለስ» የሚለውም እሱ ነው። እንግዳው ይከተላል፣ ይከፍላል፣ ወደ አገሩ ተመልሶ መጽሐፍ ይጽፋል። ዕውቀቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚያው መንደር ይቀራል። ይህን ንፍገት ነው ብለን እንዳንፈርድ። ዕውቀቱ እንጀራቸው ነበር፤ እንጀራውን ለእንግዳ አስተምሮ የሚሸኝ ሰው ደግሞ ብዙ አይገኝም።

የተበጠሰው ገመድ

ሐምሌ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች ስዊዘርላንድ ውስጥ ከማተርሆርን ጫፍ ቆሙ። ከእነሱ በፊት ማንም ያልወጣበት ተራራ ነበር። ሲወርዱ ሰባቱም በገመድ ተያይዘው ነበር። ከፊት ልምድ ያለው የሻሞኒው መሪ ሚሼል ክሮ ይሄዳል። ቀጥሎ የ19 ዓመቱ ጀማሪ ዳግላስ ሃዶው፤ ከሱ በኋላ ቄስ ቻርልስ ሃድሰንና ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ፤ ከኋላ ደግሞ የዘርማቱ መሪ ፒተር ታውግቫልደር፣ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና የታውግቫልደር ልጅ።

ክሮ የሃዶውን እግር እየያዘ አንድ በአንድ ዓለቱ ላይ ያስቀምጥለት ነበር። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞር ሲል ሃዶው ተንሸራቶ ወደቀበት። ሁለቱ ሃድሰንን ጎተቱት፤ ሦስቱ ዳግላስን። ዊምፐርና ታውግቫልደር ዓለቱን አንቀው ያዙ፤ ገመዱም በታውግቫልደርና በዳግላስ መካከል ተበጠሰ። አራቱ ሰዎች ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሄዱ። የሎርድ ዳግላስ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በኋላ ሲታይ የተበጠሰው ገመድ ይዘዋቸው ከሄዱት ሁሉ ደካማው ነበር። ወዲያው ወሬ ተነሣ፤ ታውግቫልደር ራሱን ለማዳን ሲል ሆን ብሎ ደካማውን ገመድ መርጧል ተባለ። ምርመራ ተካሂዶ ጥፋት የለበትም ቢባልም ወሬው እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልለቀቀውም። የገመዱ ቁራጭ ዛሬ ዘርማት ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ብዙ ሰው ከዚህ አደጋ የተማረው «ጠንካራ ገመድ ግዙ» የሚለውን ነው። ትምህርቱ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ሰባት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነበር፤ ከተራራው ጋር ግን አልተያያዙም። አንዱ ሲወድቅ ገመዱ ውድቀቱን ለሌሎቹ አስተላለፈ እንጂ አላስቆመውም። ገመድ ብቻውን ደኅንነት አይደለም፤ ደኅንነት የሚሆነው አንደኛው ጫፉ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ደብረ ዳሞ ላይ ከአፋፉ የሚይዘው መነኩሴ ማተርሆርን ላይ አልነበረም።

«መሪው አይወድቅም»

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነገሩ መልኩን ቀየረ። በሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ ተራሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ሜዳውን ይዞ ጫፍ ላይ መድረስ አይከብድም። ስለዚህ ወጣቶቹ ጫፉን ትተው ከባዱን የዓለት ፊት መፈለግ ጀመሩ። በ1886 ዋልተር ፓሪ ሃስኬት ስሚዝ የሚባል ወጣት ኔፕስ ኒድል የተባለውን መርፌ መሰል ዓለት ያለ ገመድ፣ ያለ መሪ፣ ብቻውን ወጣው። ብዙዎች የዓለት መውጣትን እንደ ራሱን የቻለ ስፖርት ልደት ከዚህ ቀን ይቆጥራሉ።

እነዚህ ወጣቶች የተቀጠረ መሪ አልነበራቸውም። የሚማሩት ጓደኛ ከጓደኛ ነው። ገመዳቸው ከቃጫ መሰል ተክል የተገመደ ነበር፤ ከበድ ያለ ውድቀት ቢደርስበት ሊበጠስ ይችላል። ፊት የሚወጣውን ሰው ከታች ሆኖ የሚይዘው ጓደኛ ደግሞ ገመዱን በእጁ ወይም በትከሻው ላይ አድርጎ ነበር የሚይዘው። ከዚህ ሁሉ የተነሣ አንዲት አጭር ሕግ ተቀመጠች፤ መሪ መውደቅ የለበትም። ሌላ ምንም የለም። ከወደቀ ሊያተርፈው የሚችል ነገር ስለሌለ አይወድቅም ተባለ።

በምሥራቅ አልፕስ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ አካባቢ፣ ሰዎች መልሱን በብረት ፈለጉት። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሚመታ ፒቶን የሚባል የብረት ችንካር፣ ገመዱን ከችንካሩ ጋር የሚያያይዝ ካራቢነር የሚባል የሚከፈትና የሚዘጋ ቀለበት ጥቅም ላይ ዋሉ። አሁን ፊት የሚወጣው ሰው በየመንገዱ ራሱን ከተራራው ጋር ማያያዝ ቻለ። ሁሉም ግን አልተስማማም። ኦስትሪያዊው ፓውል ፕሮይስ በ1911 ባስነሣው ክርክር፣ ሰው መውጣት ያለበት መልሶ መውረድ የሚችለውን ብቻ ነው አለ፤ ደኅንነት ከችሎታ እንጂ ከብረት መምጣት የለበትም ባይ ነበር። ፕሮይስ በ1913 ብቻውን፣ ያለ ገመድ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

ከኋላ የወጣ ግማሹን ነው የተማረው

እዚህ ላይ ሚርያም ኦብራያን የምትባል አሜሪካዊት ትመጣለች። በ1920ዎቹ በአልፕስ ከታወቁ መንገድ መሪዎች ጋር ከባድ ከባድ መንገዶችን ወጥታለች። ከእነሱም ብዙ ተምራለች። ግን አንድ ነገር ገባት፤ ከጎበዝ መሪ ኋላ እስከወጣች ድረስ የምትማረው ግማሹን ብቻ ነው። መንገዱን አትመርጥም። «እዚህ ልጀምር ወይስ እዚያ?» ብላ አትጨነቅም። «ደመናው እየመጣ ነው፣ እንመለስ?» የሚለውን ጥያቄ አትመልስም። ሁልጊዜም ገመዱ ከላይ ነው።

ስለዚህ ፊት መውጣት ጀመረች። ይህም አልበቃትም፤ ወንድ አብሯት ካለ በችግር ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ እሱ ነው የሚያየው። በ1929 ከፈረንሳዊቷ አሊስ ዳሜም ጋር፣ ወንድ ሳይጨመር፣ ሻሞኒ ያለውን ግሬፖን ወጡ። በ1932 ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ማተርሆርንን ወጡ፤ ያ የሃዶው ተራራ ማለት ነው።

ሚርያም ያነሣችው ነጥብ ለዚህ ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ነው። ሰውን ላይ ማድረስ አንድ ሙያ ነው፤ ሰው ራሱን ችሎ እንዲወጣ ማስተማር ሌላ ሙያ። የመጀመሪያው ሥራ ሲያልቅ እንግዳው ደስ ብሎት ይወርዳል። ሁለተኛው ሲያልቅ ተማሪው አስተማሪውን አይፈልገውም።

ሆን ብሎ መውደቅ

በ1932 ሚርያም ያገባችው ሮበርት አንደርሂል በሃርቫርድ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። በአልፕስ የተማረውን የገመድ አያያዝ በ1931 ጽፎ በካሊፎርኒያው የሴራ ክለብ መጽሔት ላይ አወጣው። በዚያው ዓመት በጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ለክለቡ አባላት ተራራ ላይ በተግባር አሳያቸው። ከተማሪዎቹ ሁለቱ፣ ጁልስ አይክሆርንና ግሌን ዳውሰን፣ የ19 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ነሐሴ 16 ቀን 1931 አስተማሪውና ሁለቱ ወጣቶች ከኖርማን ክላይድ ጋር ሆነው የማውንት ዊትኒን ምሥራቃዊ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት። ከጽሑፍ ወደ ተግባር፣ ከተግባር ወደ ማንም ያልደፈረው ዓለት፣ ሁሉም በወራት ውስጥ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከተራራ ላይ ሳይሆን ከከተማ ሰፈር ነው። ሪቻርድ ሌናርድ የሚባል በርክሌ የሚኖር ወጣት በ1932 ከጓደኞቹ ጋር አነስተኛ የወጪዎች ክለብ አቋቋመ። የሚለማመዱት በርክሌ ከተማ ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ባሉ ዝቅ ያሉ ዓለቶች ላይ ነው። ሌናርድ «መሪ መውደቅ የለበትም» የምትለው ሕግ አልተዋጠችለትም። ሰው እስከሆነ ድረስ ይወድቃል። ስለዚህ መሪው ሲወድቅ ምን እንደምናደርግ እንወቅ አለ።

ያደረጉት ነገር በጊዜው እብደት ይመስል ነበር። አንዱ ገመድ ታጥቆ ይወጣና ሆን ብሎ ይዘላል። ጓደኛው ገመዱን በወገቡ ዙሪያ አዙሮ ይይዘዋል። ደግመው ደጋግመው። በዚህ ልምምድ ያገኙት ነገር ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነበር፤ ገመዱን ድርቅ አድርጎ መያዝ አደገኛ ነው። ትንሽ እያንሸራተቱ፣ እየፈተጉ፣ ቀስ ብሎ ማስቆም ይሻላል።

ለምን? ከጠረጴዛ ላይ ስትዘሉ ጉልበታችሁን የምታጥፉት ለምንድን ነው? ማቆሚያውን ርቀት ለማርዘም ነው። እስኪ እናስላው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ሜትር ወደቀ እንበል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድንገት ቢቆም፣ በአማካይ የሚያርፍበት ኃይል የራሱን ክብደት 41 እጥፍ ይሆናል፤ ከ3,000 ኪሎ በላይ እንደተጫነበት ማለት ነው። ገመዱ ይበጠሳል፣ ባይበጠስም ሰውየው ይጎዳል። ያው ሰው በ1 ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም ግን ኃይሉ 5 እጥፍ ብቻ ነው፤ 375 ኪሎ ገደማ። ሰውየው ያው፣ ውድቀቱም ያው። የተለየው የያዡ እጅ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 1934 ሌናርድ፣ አይክሆርንና ቤስተር ሮቢንሰን ዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ ከፍተኛው ካቴድራል ስፓየር የተባለውን ሾጣጣ ዓለት ወጡ። ከዚያ በፊት ሞክረውት አልሆነላቸውም ነበር። አሁን ከጀርመን ያስመጡት ፒቶን ነበራቸው፤ ከብረቱ ይበልጥ ግን የረዳቸው ብንወድቅም እንያያዛለን የሚለው እምነት ይመስለኛል። ይህ እምነት በቀቢጸ ተስፋ የተገኘ አልነበረም። በርክሌ ዓለት ላይ እየዘለሉ የፈተሹት ነው።

ጦርነትና ናይለን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ አሜሪካ የማኒላ ገመድ ምንጯን አጣች፤ ምርጡ ገመድ የሚሠራው እዚያ ከሚበቅለው አባካ ከሚባል የእንሰት ዘመድ ነበርና። ሠራዊቱ ፊቱን ወደ አዲስ ሰው ሠራሽ ክር፣ ወደ ናይለን አዞረ። ናይለን ከማኒላ ይበልጥ ጠንካራ መሆኑ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። ናይለን ይለጠጣል። በርክሌዎች በእጃቸው ሲያንሸራትቱ ያገኙትን ማቆሚያ ርቀት ገመዱ ራሱ ይሰጣል ማለት ነው።

ያው ጦርነት የዓለት መውጣትን ትምህርት ከጥቂት ክለቦች አውጥቶ በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች አዳረሰው። የአሜሪካ 10ኛ የተራራ ክፍለ ጦር ወታደሮች በኮሎራዶ ሠለጠኑ፤ በዌስት ቨርጂኒያ ሴኔካ ሮክስ ላይም ዓለት መውጣት ይሰጥ ነበር። ከአስተማሪዎቹ አንዱ የሴራ ክለቡ ዴቪድ ብራወር ነበር። የካቲት 18 ቀን 1945 ምሽት የክፍለ ጦሩ ወታደሮች ጣሊያን ውስጥ የሪቫን ገደላማ ሸንተረር በጨለማ ወጥተው ጀርመኖቹን ሳይታሰብ ደረሱባቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ሠራዊቱ የተረፈውን ናይለን ገመድ፣ ፒቶንና ካራቢነር በርካሽ ሸጠ። ተማሪ ኪሱ የሚችለው ስፖርት ሆነ።

ሳይንሱም ተከተለ። አርኖልድ ዌክስለር በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ ነበር። ከሌናርድ ጋር በ1946፣ ከዚያም ለብቻው በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ገመድ አያያዝ በሒሳብ አስረዳ። ያሳየው ነገር ዛሬም ጀማሪን ያስደንቃል፤ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የሚወሰነው በወደቃችሁበት ርቀት ብቻ አይደለም። የውድቀቱ ርቀት ለተዘረጋው ገመድ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው ወሳኙ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ወጪ ከያዧ 2 ሜትር ከፍ ብላ፣ ገና ምንም ነገር ላይ ሳታያይዝ ወደቀች። ከያዧ በታች 2 ሜትር ድረስ ትሄዳለች፤ ጠቅላላ 4 ሜትር። የተዘረጋው ገመድ 2 ሜትር ነው። 4 ሲካፈል ለ2፣ 2 ይሆናል። ከዚህ የከፋ የለም። አሁን ደግሞ ያቺው ልጅ 20 ሜትር ወጥታ፣ መጨረሻ ካያያዘችበት ነጥብ 2 ሜትር ከፍ ብላ ወደቀች እንበል። ውድቀቱ አሁንም 4 ሜትር ነው፤ ገመዱ ግን 20 ሜትር ስለሆነ ቁጥሩ 0.2 ብቻ ነው። ረጅም ገመድ ብዙ ይለጠጣል፤ ብዙ የሚለጠጥ ደግሞ በለስላሳው ያስቆማል። ዓይን «መሬት ሲቀርብ ይሻላል» ይላል። ሒሳቡ ግን ከያዣችሁ ሳትርቁ፣ ቶሎ ብላችሁ አያይዙ ይላል። ይህን ሰው በራሱ ልምድ እንዳይማረው ነው አስተማሪ የሚያስፈልገው፤ የመጀመሪያው ልምድ የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና።

ከመሪ ወደ አስተማሪ

ፖል ፔትዞልት በ1924፣ በ16 ዓመቱ፣ ከጓደኛው ጋር ዋዮሚንግ ውስጥ ያለውን ግራንድ ቲቶን የካውቦይ ጫማ አድርጎ ሊወጣ ሄደ። ተራራው ላይ በብርድ ሊያልቁ ነበር፤ በኋላ ተሳካላቸው። እሱ ግን በድሉ አልተኩራራም። ማንም ያላስተማረው ሰው በሕይወት የተረፈው በዕድል እንደሆነ ገባው። ወዲያው ሰው መምራት ጀመረ። ከግሌን ኤክሰም ጋር በመሠረተው ትምህርት ቤት እንግዳው ግራንድ ቲቶንን ከመውጣቱ በፊት ዝቅ ያለ ዓለት ላይ ቋጠሮ፣ አወጣጥና ገመድ አያያዝ ይማራል። ወጪና ያዥ የሚለዋወጧቸውን አጫጭር ጥሪዎች አሜሪካ ውስጥ ያስለመደውም ፔትዞልት እንደሆነ ይነገርለታል። በእኛ አፍ ብናደርገው «ያዝከኝ?» «ይዤሃለሁ!» «ልወጣ ነው!» «ውጣ!» እንደማለት ነው። ነፋስ በሚጮህበት ገደል ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይሰማማ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ በረከቱ። በ1955 በዌልስ ፕላስ ይ ብሬኒን የተባለው የተራራ ማዕከል ተከፈተ። በ1965 ፔትዞልት ለሌሎች መሪ የሚሆኑ ሰዎችን የሚያሠለጥን ናሽናል አውትዶር ሊደርሺፕ ስኩል የተሰኘ ተቋም አቋቋመ። በዚያው ዓመት የየአገሩ መንገድ መሪዎች ማኅበራት በአንድ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተሰባሰቡ። በ1932 ሻሞኒ ላይ የተመሠረተው ዩ.አይ.ኤ.ኤ. ደግሞ ለገመድ መለኪያ አወጣ፤ 80 ኪሎ ክብደት ሲወድቅበት ነጠላ ገመድ ለሰውነት የሚያስተላልፈው ኃይል ከ12 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህም የ1,200 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው።

ዛሬ ዓለት ሥር የሚሰጠው ትምህርት

ዛሬ አንድ ጀማሪ ከአስተማሪ ጋር ዓለት ሥር ሲቆም የሚማራት እያንዳንዷ ነገር ይህን ታሪክ ተሸክማለች።

መጀመሪያ ቋጠሮ ነው። ሃርነስ የሚባለው የወገብና የጭን መታጠቂያ ላይ ገመዱ በስምንት ቁጥር ቋጠሮ ይታሰራል። ከዚያ አንዱ የሌላውን ያያል፣ ይነካል። ሃያ ዓመት የወጣ ሰውም ቢሆን ይታያል። ልምድ ያለው ሰው አይረሳም የሚል ሕግ የለም።

ቀጥሎ ከላይ በተያዘ ገመድ መውጣት ነው፤ የደብረ ዳሞ መነኩሴ የሚያደርገውን ማለት ነው። ልዩነቱ ገመዱ ዓለቱ ጫፍ ላይ ካለ ጠንካራ ማሰሪያ አልፎ ስለሚመለስ ያዡ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ መቆሙ ነው። ያዡ ገመዱን በወገቡ ሳይሆን ቢሌይ በሚባል መያዣ መሣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ሰበቃው አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። አንድ ሕግ ግን አትሻርም፤ ገመዱን የሚያስቆመው እጅ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ገመዱን አይለቅም። አስተማሪው ይህን አስር ጊዜ ቢደግመው አትሰልቹ።

ከዚያ መውደቅ ነው። ጥሩ አስተማሪ ተማሪውን ዝቅ ካለ ቦታ፣ በተፈተሸ ገመድ፣ ሆን ብሎ እንዲለቅ ያደርገዋል። የሚወድቀው ፍርሃቱን ይማራል፤ የሚይዘው ደግሞ የሰው ክብደት እጁ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ይማራል።

ፊት መውጣት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተማሪው ገመዱን ከታች እየጎተተ፣ በየመንገዱ እያያያዘ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን ሁለተኛ ገመድ ከላይ ይይዘዋል። ቢሳሳት ስህተቱ ትምህርት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለጥቂት ጊዜ፣ ለልምምድ ያህል፣ የመጀመሪያውን ሰውም የሚይዘው አለ።

ይህ ትምህርት በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። ዓለቱ ራሱ ሌላ አስተማሪ ነው። የዮሰሚቲ ግራናይት ድርቅ ያለ ነው። ትግራይ ውስጥ የገርዓልታ ተራሮች ግን አሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ዛሬ የጨበጣችሁት ጠርዝ ነገ ሊፈረፈር ይችላል። በዚያ አካባቢ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚወጣው፤ የአገሬው ሰዎችም ከታችና ከላይ ሆነው እጅና እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያሳዩታል። የትኛው ጉድጓድ ስንት ዘመን እግር እንደተሸከመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሌላ አገር የሠለጠነ ጎበዝ ወጪ እዚያ ሲደርስ እንደገና ተማሪ ነው።

ቪዲዮ አይቶ ቋጠሮ መማር ይቻላል። ቪዲዮው ግን የእናንተን ቋጠሮ አያይላችሁም፤ እጃችሁ ገመዱን ሲለቅም «ያዝ!» ብሎ አይጮህም። የሻሞኒ ገበሬ እንግዳውን ላይ ያደርስ ነበር፤ የዛሬው አስተማሪ ግን ሥራው አለቀ የሚባለው ተማሪው ቋጠሮውን አስሮ፣ የጓደኛውን አይቶ፣ ሰማዩን ተመልክቶ «ዛሬ አንወጣም፣ እንመለስ» ለማለት ማንንም መጠየቅ ሳያስፈልገው ሲቀር ነው።